የሲ ወሃብ አዲስ ኮምፒውተር

ሲ ወሃብ ሰላሚ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቢሮው ውስጥ፣ ከአዲሱ ኮምፒውተሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ጭንቅላቱ ተፈርክሷል። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ማራገቢያዎቹን ያሽከረክራል፤ በመስታወት ጎኑ በኩል ቀይና ሰማያዊ መብራት ያበራል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው ጸሐፊው ረውዳ ናት። ከምሳ ተመልሳ በሩን ስትከፍት አየችው። አልጮኸችም። በዚያ ቢሮ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ድምጿን ከፍ ማድረግ ስላልተፈቀደላት ያን ቀንም አላደረገችውም፤ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ተመልሳ ስልክ አነሳችና ፖሊስ ጠራች።

እውነቱን ለመናገር አቶን «ሲ»፣ ወይዘሮን «ላላ» በሚሉባት በስፋክስ ከተማ ለሲ ወሃብ እንባውን ያባከነ ሰው አልነበረም። የሕንፃ ነዳፊ ነው፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ። ተቋራጩን ደደብ፣ ግንበኛውን በሬ፣ ሚስቱን «መምህርቷ» ሲል፣ ደንበኛውን ደግሞ ከሄደ በኋላ በማይጻፍ ስም ይጠራው ነበር። ባለፈው ዓመት እሱና ባልደረባው ሲ ሙንዚር ጃራያ የነደፉት የአንድ የግል ትምህርት ቤት ደረጃ ተደርምሶ ላሚስ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ሞተች። ደረጃውን የሚሸከመው ፌሮ ከሚገባው በታች ነበር። ፍርድ ቤቱ ፕላኑን ማን እንደለወጠው ጠየቀ። ሲ ወሃብ «ሙንዚር ነው» አለ፤ ሲ ሙንዚር «ወሃብ ነው» አለ። ሁለት የተከበሩ ሰዎች አንዲት ሕፃን እንደ ትኩስ ድንች አንዱ ለአንዱ ሲወራወሩ ከረሙ። የወረቀቱ ቅጂ ከመዝገብ ቤት ጠፍቷል። ዋናው ፕላን ከነፊርማው በስካን የገባበት የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ ክረምት ላይ ተቃጥሎ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ግን ተርፏል። ሲ ወሃብ አዲስ ኮምፒውተር ያስገጠመው ያንን ዲስክ ከፍቶ ሐሙስ ዕለት ዳኛው ፊት ራሱን ነፃ ለማውጣት ነው። ሌላ የተቀደሰ ሐሳብ አልነበረውም።

ኮሚሳር ሩቃያ ትሪኪ ግሬምዳ መንገድ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለው ቢሮ ስትደርስ፣ ሳጅን ቡራዊ አንድ ወጣት በካቴና አስሮ ደረጃው ላይ አስቀምጦት ነበር። ኮሚሳሯ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። የምትንቀው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚቸኩል ፖሊስ ትንቃለች።

«ጉዳዩ አልቋል ማዳም» አለ ቡራዊ።

«ካለቀ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«ለፊርማ።»

ቀና ብላ አየችው። ሳጅኑ የታሠረውን ልጅ ታሪክ በችኮላ ነገራት። ነብራስ ይባላል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኮምፒውተር ይገጥማል። ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ማሽኑን ይዞ መጣ። አንድ ቀን በማርፈዱ ሲ ወሃብ አምስት ሰዓት ገደማ በሰው ፊት አህያ ብሎ ሰደበው። ልጁም «አንድ ቀን አፍህን የሚዘጋልህ ታገኛለህ» ብሎ መለሰ፤ ይህንን ጸሐፊዋም የሟች ሚስትም ሰምተዋል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ግን ተመልሶ መጥቶ በሩን ሲደበድብ ከማዶ ያለው ፋርማሲስት አይቶታል። ማሽኑ ደግሞ ይኸው፣ ምስል አያሳይም። ለደንበኛው የማይሠራ ዕቃ ሸጦ፣ ሲጠየቅ ተጣልቶ ገደለው።

«ማሽኑ አይሠራም ብሎ ሟች ለማን ተናገረ?»

«ለባልደረባው። ደውሎ ነግሮታል። የስልኩን መዝገብ አይቻለሁ፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ ሁለት ደቂቃ አውርተዋል።» ቡራዊ በራሱ ረክቶ ነበር።

ሲ ሙንዚርን የራሱ ክፍል ውስጥ ከንድፍ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ አገኘችው። ረጅም፣ ነጭ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ሐዘኑን እንደ ጥሩ ኮት በልኩ የለበሰ ሰው ነው። የቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር ለጥፏል።

«ስድስት ተኩል ሊሆን ሲል ደወለልኝ» አላት። «ድምፁ በንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ይሄ ሌባ የሸጠልኝ ማሽን መብራት ብቻ ነው፣ ምስል የለውም፤ ይምጣና ልኩን አሳየዋለሁ› አለኝ። ተው፣ ልጅ ነው አልኩት። ምነው በመጣሁ ኖሮ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

በሳኪየት ኤዚት መንገድ አንድ ቪላ እያሠራ መሆኑን፣ እዚያ ብቻውን ፕላን ሲያይ እንደነበረ ነገራት። ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ ስትጠይቀው ፈገግ አለ፤ እሱ እንደዚያ ዓይነት ዕቃ ነክቶ አያውቅም፤ አርባ ዓመት በእጁ ነው የሠራው።

«ጣትዎ ምን ሆነ?»

«እርሳስ ስቀርጽ፣ ምላጩ።»

ኮሚሳሯ ጠረጴዛውን አየች። በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ሰባት ስምንት እርሳሶች ቆመዋል፤ ሁሉም ከኋላቸው ሲጫኗቸው ቀጭን እርሳስ የሚያወጡ፣ የማይቀረጹ ናቸው። ምላጭ የለም፤ የእርሳስ ቅርፊትም የለም። አመስግናው ወጣች።

ሚስትየው ላላ ሰኒያ ኮሪደሩ ውስጥ በብረት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ናት። ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ የፍቺ ወረቀት ልታስፈርመው መጥታ እንደነበር ሳትደብቅ ተናገረች። ሲ ወሃብ በሩን ገርበብ አድርጎ «እኔ አሁን ካንቺ የተሻለ ነገር እየገጠምኩ ነው» ብሎ መለሳት። ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄዳ እስከ ሰባት ተኩል አስተምራለች። ቁልፍ አላት፤ ልትገድለውም ብዙ ጊዜ አስባ ታውቃለች።

«ለምን አላደረግሽውም?» አለች ኮሚሳሯ፣ እንደ ተራ ጥያቄ።

«ፈተና ማረም ነበረብኝ» አለች ላላ ሰኒያ።

ረውዳ የነገረቻት ከዚህ ያነሰ ነበር፤ ሰው የሚጠይቃትን ብቻ መመለስ ለምዳለች። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከመሳቢያ አውጥታ ለነብራስ የሰጠችው እሷ ናት። ማሽኑ ሲበራ ግን አላየችም፤ ሲ ወሃብ ማንንም ወደ ክፍሉ አላስገባም። ስድስት ተኩል ላይ ወጥታ እህቷ ቤት የዓሣ መረቅ በገብስ ዳቦ በልታ ተመለሰች። ለምሳ ስትወጣ የመጨረሻ የሰማችው ነገር ምን እንደነበር ኮሚሳሯ ጠየቀቻት።

«ስልክ ላይ ነበር። እየሳቀ።»

«ምን ይል ነበር?»

«‹ሜሞሪው ውስጥ ነው፤ አንተ ደግሞ ምን ይገባሃል› አለ። ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው።»

«እየሳቀ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ሲሳለቅ ነው የሚስቀው።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ኮሚሳሯ ነብራስን ካቴናው እንዳለ ወደ ክፍሉ አስገባችው። ቡራዊ ቅር አለው፤ እሷ ቅሬታውን አልሰማችም። ጣቢያው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተበላሸውን ማተሚያና ኮምፒውተር ሁሉ የምትጠግነው እሷ ስለነበረች፣ ጥቁር ስክሪን ፊት ቆሞ መደናገጥ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የሚደናገጡትንም ትንቃለች።

«ሲሠራ ነው ጥዬው የሄድኩት» አለ ልጁ። «ዲስኩን ከፍቼ ፋይሎቹ ሲዘረዘሩ አሳየሁት። አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም፤ ‹ውጣ› አለኝ። ካቻቢቴዬን ረስቼ ስለነበር ነው የተመለስኩት። አንኳኳሁ፣ የሚከፍት የለም፣ ሄድኩ።»

«አትንካ። ምን እንደማደርግ ብቻ ንገረኝ።»

«መጀመሪያ ስክሪኑን።»

ጓንቷን አጥልቃ የስክሪኑን ገመድ ነቀለችና ከረውዳ ላፕቶፕ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ወዲያው በራ። ስክሪኑም ገመዱም ደህና ናቸው ማለት ነው። ገመዱ ከኋላ የተሰካበትን ቦታ አየች፤ በትክክለኛው ማስገቢያ፣ የምስል ካርዱ ላይ ነበር። ካርዱን ገፋ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም። መልሳ አገናኝታ አጥፍታ አበራችው። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ጎኑን ክፈቺው» አለ ነብራስ። ከዚያ ደንግጦ አረመ፤ «ይክፈቱት ማለቴ ነው። ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ። የትኛው ነው የበራው?»

«ቢጫው።»

«ቢጫው ሜሞሪ ነው። እኛ ራም የምንለው። በደንብ አልገባ ይሆናል፣ ግን እኔ ራሴ ነኝ የጫንኩት፣ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ…»

ኮሚሳሯ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። ረጅሙ ማስገቢያ ባዶ ነበር። ጫፍና ጫፉ ላይ ዕቃውን ቆልፈው የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ መቆለፊያዎች አሉ። አንደኛው ከሥሩ ተሰብሮ ቁራጩ ከሳጥኑ ወለል ላይ ወድቋል። ስብራቱ ገና ነጭ ነው። በስብራቱ ጠርዝ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ደርቃለች። ደም ነው።

«ሲጀመርም አልገጠመለትም» አለ ቡራዊ ከኋላዋ። «ይሄ ሌባ ነው እኮ!»

«ቡራዊ፣ ከዚህ ማሽን አንድ ዕቃ መጥፋቱን ለማንም ብትናገር፣ የጡረታህን ቀን በድንበር ኬላ ነው የምትቆጥረው።»

ሃርድ ዲስኩን ፈለገች። ከታች በቦታው ነበር፤ አራቱም ብሎኖች አልተነኩም፤ በሲ ወሃብ እጅ ዓመተ ምህረት የተጻፈበት ወረቀት ላዩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ወዳለው መደርደሪያ ሄደች። እዚያ የእብነ በረድ ናሙናዎች ከነጭ እስከ ጥቁር በቀለም ደረጃቸው ተሰልፈዋል፤ አሥራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጡብ ያህል ይከብዳሉ። አሥራ አንዱ አቧራ ለብሰዋል። ዘጠነኛው፣ ግራጫው፣ ንጹሕ ነው፤ አንስታ ስታየው ከሥሩ እንጨቱ ረጥቧል። አጥቦ የመለሰው ሰው አሥራ ሁለት ተቀራራቢ ቀለም ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን አልሳተም።

በማግስቱ ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሲ ወሃብ በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ላላ ሰኒያና ረውዳ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲ ሙንዚር ወንበሩን መስኮቱ አጠገብ አደረገ፤ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ መቀመጥ ልማዱ ነው። ነብራስ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ፍርድ ቤቱ የላከው የኮምፒውተር ባለሙያም ነበር። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ጠፍቷል።

ኮሚሳሯ ከነብራስ ጀመረች። ይህ ልጅ በሟቹ ላይ እንደዛተ፣ ተመልሶም እንደመጣ ሁሉም ያውቃል አለች። ሲመለስ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ በሩን እየደበደበ ነው የመጣው፤ ሰው ገድሎ የወጣ ወይም ሊገድል የመጣ ሰው እንደዚያ አይሆንም። የተገደለበት ድንጋይ ደግሞ ታጥቦ በቦታው ተመልሷል። ግራጫው ከየትኛውና ከየትኛው መካከል እንደሚገባ የሚያውቅ፣ ሲደነግጥ እንኳ እጁ ልማዱን የማይረሳ የዚህ ቢሮ ሰው ነው።

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሲ ሙንዚር በትህትና። «ማሽኑ አለመሥራቱ ግን ግምት አይደለም። ወሃብ በአፉ ነግሮኛል።»

«በትክክል መቼ?»

«ስልኩ ላይ አለ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ሰባት።»

«ምን አለዎት? ቃሉን ይድገሙልኝ።»

«ምስል የለውም አለ።»

ኮሚሳሯ ቃሉን እንድትመዘግብ ለረውዳ ነገረቻት። ረውዳ ጻፈች። ከዚያ ኮሚሳሯ ትናንት ማሽኑን ከፍታ ያየችውን ተናገረች፤ ሜሞሪው እንደሌለ፣ ዲስኩ ግን እንዳለ። ሲ ሙንዚር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አነሳና ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ዛሬ ጠዋት በእኚህ ባለሙያ ፊት ተመሳሳይ ሜሞሪ አስገጠምኩበት» አለች። የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ። ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየና ስክሪኑ በራ። «ማሽን የሚሠራውን ሁሉ ይመዘግባል። ሲ ወሃብ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ የትምህርት ቤቱን ፕላን ከፍቷል። ዓይኑን ጨፍኖ አልከፈተውም፤ ምስል ነበረው። ማሽኑ በድንገት ቀጥ ያለው ስድስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ ነው፤ ሜሞሪው ከላዩ ላይ ሲነቀል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስክሪኑ አልጠቆረም። ታዲያ ሲ ሙንዚር፣ ሟቹ ገና ሃያ አራት ደቂቃ ቀድሞ ስለዚያ ጥቁር ስክሪን እንዴት አማረረልዎት?»

ሲ ሙንዚር ምናልባት ቃሉን በትክክል አላስታወሰው ይሆናል አለ።

«አሁን አስመዘገቡት እኮ። ማሽኑ እንደጠቆረ የሚያውቀው ሲጠቁር እዚህ የቆመ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ አይተውታል፤ ከዚያ በዚህ ልጅ ላይ ለመለጠፍ አመቸዎት።»

ከዚያ ወደ ሌላው ነገር ሄደች፤ ለመናገርም ትንሽ የጓጓች ትመስል ነበር። አንድ ሰው ይህንን ፕላን ለማጥፋት ብሎ ሰው ከገደለ፣ ለምን ዲስኩን ትቶ ሜሞሪውን ወሰደ? ነብራስ ይህንን አያደርግም፤ ዲስኩን በገዛ እጁ ነው ያሠረው። ረውዳ ዲስኩን ከመሳቢያ ያወጣች ናት። ላላ ሰኒያ ይህንን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ታስተምራለች። ሦስቱም ቢሆኑ መቆለፊያውን በጣታቸው ከፍተው ያወጡት ነበር እንጂ እንደ ጥርስ አይነቅሉትም። ይህንን ያደረገው «ሜሞሪ» የሚባል ቃል ከሰው አፍ የሰማ፣ ምን እንደሆነ ግን የማያውቅ ሰው ነው።

«ረውዳ፣ ሲ ወሃብ ስልክ ላይ ምን ሲል ሰማሽ?»

«ሜሞሪው ውስጥ ነው፤ አንተ ደግሞ ምን ይገባሃል» አለች ረውዳ። ይህን ጊዜ ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

«በዚያ ሰዓት ከዚህ ስልክ የተደወለው አንድ ጥሪ ብቻ ነው» አለች ኮሚሳሯ ወደ ሲ ሙንዚር ዞራ። «ሊያማርርልህ አልደወለም፤ ሊሳለቅብህ ነው የደወለው። ፕላኑን አገኘሁት፣ ሐሙስ አለቀልህ ሊልህ። አንተ ‹የት አለ?› ብለህ ጠየቅኸው። እሱም ለአንተ ልኩን ማስረዳት ጊዜ ማባከን ስለመሰለው፣ ያገኘውን ቃል ወረወረልህ።»

«አንተ» ማለቷን ሁሉም ሰሙ። ሲ ሙንዚርም ሰማ። ፊቱ ላይ የመጣው ፍርሃት አልነበረም፤ የተደፈረ ሰው ቁጣ ነበር።

«ጣትህንም እርሳስ ስቀርጽ ቆረጠኝ አልከኝ» ቀጠለች። «የማይቀረጽ እርሳስ ነው ያለህ። የተሰበረው መቆለፊያ ላይ ደም አለ፤ ላቦራቶሪ ሄዷል። የሳኪየት ኤዚቱ ቪላ ዘበኛም የመጣኸው ሰባት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው ብሏል። መኪናህን ደግሞ አሁን ሰዎቼ እየፈተሹት ነው።»

ቡራዊ ገባ። በእጁ የታጠፈ መሐረብ ይዟል፤ ከመኪናው መለዋወጫ ጎማ ሥር ነው ያገኘው። ሲፈታው ከመሐል የተሰበረ፣ ቀይ ቆርቆሮ የለበሰ ቀጭን ዕቃ ወጣ። ነብራስ ቁጥሩን ሜሞሪው ከመጣበት ካርቶን ላይ ካለው ጋር አመሳከረ፤ አንድ ነው።

«ለምን አልጣልከውም?» አለች ኮሚሳሯ። በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው።

ሲ ሙንዚር ሰባራውን ዕቃ አየ። «ከተሰበረም በኋላ የሚያነቡት መስሎኝ» አለ።

ላላ ሰኒያ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄ ዕቃ መብራት ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል» አለች ኮሚሳሯ። «ገና ከመኪናህ ሳትደርስ ባዶ ነበር። ሰው ገደልክና ከማሽኑ ውስጥ ስለ አንተ ምንም የማያውቀውን አንዱን ቁራጭ ይዘህ ሄድክ። እውነቱ ደግሞ እዚያው እግርህ ሥር በአራት ብሎን ታስሮ ቀረ።»

ያን ጊዜ ነው ሲ ሙንዚር የፈነዳው። ጮኾ አልነበረም፤ ጥርሱን ነክሶ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮት እንደሠራ፣ ሲ ወሃብም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደናቀው፣ ስልክ ላይ ሲስቅበት የቆየውን ሁሉ እንደሰማ ተናገረ። ሲመጣ ሲ ወሃብ ፊቱን እንኳ አላዞረም፤ ፕላኑን እያየ «ና፣ ፊርማህን ተመልከት፣ እሱን እንኳ አጣመህ ነው የፈረምከው» አለው። ግራጫው ድንጋይ በእጁ አቅራቢያ ነበር።

«ስለ ልጅቷ ምንም አላልክም» አለች ኮሚሳሯ።

«የቷ ልጅ?» አለ ሲ ሙንዚር።

ኮሚሳሯ ለቡራዊ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ካቴናው ከነብራስ እጅ ወጥቶ ሌላ እጅ ላይ ገባ። ቡራዊ ልጁን ሳያየው ሊያልፍ ሲል ክንዱን ያዘችው። «ትናንት ሌባ ብለኸዋል። ስሙን ጠርተህ ይቅርታ ጠይቀው።» ሳጅኑ ጆሮው እስኪቀላ ቆሞ ጠየቀ። ነብራስ አጎንብሶ ከጠረጴዛው ሥር ካቻቢቴውን ፈልጎ አነሳና ወጣ።

ፕላኑን ባለሙያው እስከ መጨረሻው ሲዘረጋው ላላ ሰኒያ አጠገቡ ቆማ ነበር። ከታች፣ ፌሮው ከስድስት ወደ አራት የተቀነሰበት ሥዕል ላይ የሙንዚር ፊርማ አለ። ከሥሩ በሌላ ቀለም «አይቻለሁ፤ ይሁን» የሚል አጭር ማስታወሻ ተጽፎ አንድ ፊደል ተፈርሟል፤ «ወ»። ሲ ወሃብ ይህችን መስመር ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ሊያጠፋት እንዳሰበ መገመት አያስቸግርም። ሁለቱም ነበሩበት። ላላ ሰኒያ አነበበችውና የእጅ ቦርሳዋን አንስታ ለማንም ሳትናገር ሄደች። የፍቺውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጥላው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ነብራስ ኮምፒውተሩን በክንዱ አቅፎ ወደ ፍርድ ቤቱ አዳራሽ አስገባው፤ ገጠመው፤ አበራው። ምስሉ ወዲያው መጣ። አንድ የግንባታ ባለሙያ ስለ ፌሮ ብዛትና ውፍረት ሲያስረዳ ጠበቆቹ እየተነሱ ይቃወማሉ፤ ዳኛው ያስቀምጧቸዋል። የላሚስ እናት ሙኒያ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ የሳርዲን ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ለዚህ ቀን ፈቃድ የተሰጣት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ባለሙያው ሲጨርስ ተነስታ ወደ ስክሪኑ ሄደች። ሥርዓት አይደለም፤ ዳኛው ግን አልከለከሏትም።

«ደረጃው ይሄ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ይሄ ነው» አለች ኮሚሳር ሩቃያ፤ ከምስክሮች ወንበር ተነስታ አጠገቧ ቆማለች።

«የትኛው ላይ ነበረች?»

ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ፤ ከታች ቆጥሮ አምስተኛውን መስመር በእርሳሱ ጫፍ አሳየ። ሙኒያ ጣቷን እዚያ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። አንድ የፍርድ ቤት አገልጋይ ዕቃው በእጅ እንደማይነካ ሊነግራት አንድ እርምጃ ተራመደ። ኮሚሳሯ ዞር ብላ አየችው። ሰውየው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሙኒያም ጣቷን እስክታነሳ ድረስ ዳኛው ጠበቋት።